አቀንጭራንም የደከመ መሬትንም የሚችል በቆሎ አለ ወይ?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ አባቴ ፓዌ በቆሎ ያርሳሉ። በ1977 ዓ.ም. ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። መሬቱ ከዓመት ዓመት እየደከመ ነው። በቆሎው ከጉልበት ሳያልፍ የታችኛው ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ነሐሴ ሲገባ ደግሞ አቀንጭራ ይወርሰዋል። ማዳበሪያ በሚፈለገው ልክ መግዛት አልቻልንም። ድሃ አፈርንም አቀንጭራንም የሚቋቋም ዘር አለ? ከሌለ እስከ ዛሬ ለምን አልተሠራም? ናይጄሪያ አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ማምጣትስ አይቻልም?»

ልጄ፣ አባትህ አቀንጭራን፣ ይህን በሰብል ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጥ አረም፣ ገና ወሎ ሳሉ ከማሽላቸው ሥር ነቅለውት እንደሚያውቁ አልጠራጠርም። አገር ለቀው የሸሹት አረም እዚህም ሲጠብቃቸው ማየት እንዴት እንደሚያንገበግብ ይገባኛል። እኔም የሥራ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በቆሎ በማዳቀል ስለሆነ ጥያቄህን በችኮላ ልመልሰው አልፈለግሁም።

አጭሩን መልስ ላስቀድም፦ አለ። አቀንጭራ ሥሩ ላይ ተጣብቆበትም ደህና ምርት የሚሰጥ በቆሎ ተዳቅሏል። በትንሽ ናይትሮጂን (ዩሪያ ለተክል የሚሰጠው ምግብ) ከሌላው የተሻለ የሚያፈራም ተዳቅሏል። ሁለቱን ጠባይ አንድ ላይ የያዙም አሉ። አቀንጭራ ጨርሶ የማይነካው፣ በተራቆተ መሬት ላይ ያለ አንዳች ማዳበሪያ አርባ ኩንታል የሚሰጥ በቆሎ ግን የለም። «እኔ ዘንድ አለ» የሚል ነጋዴ ቢመጣባችሁ አትመኑት።

አሁን ወደ ረጅሙ ልግባ። አባትህ ሁለት ችግር የገጠማቸው ይመስላል እንጂ ችግሩ አንድ ነው። የበቆሎ ሥር ፎስፈረስ ወይም ናይትሮጂን ሲያጥረው ስትራይጎላክቶን የሚባል ኬሚካል ወደ አፈሩ ያንጠባጥባል። መጠኑ ኢምንት ነው፤ ሥራው ግን ትልቅ ነው። አፈር ውስጥ ማይኮራይዛ የሚባል፣ ከተክል ሥር ጋር ተዛምዶ የሚኖር ፈንገስ አለ። ሥሩ ሊደርስበት ከማይችለው ቦታ ፎስፈረስ እየለቀመ ለተክሉ ያቀብላል፤ ተክሉም በምላሹ ስኳር ይመግበዋል። ስትራይጎላክቶን የተራበው ሥር ይህን ወዳጁን የሚጣራበት ድምፅ ነው። የሚገርመው ኬሚካሉ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1966 ከጥጥ ሥር ሲሆን፣ ያኔ የታወቀው የአቀንጭራን ዘር ከእንቅልፉ በመቀስቀሱ ብቻ ነበር። ተክል ጠላቱን የሚጠራ ነገር ለምን ያመርታል የሚለው እንቆቅልሽ እስከ 2005 ድረስ አልተፈታም። በዚያ ዓመት ነው ጥሪው ለፈንገሱ መሆኑ የተረጋገጠው። አቀንጭራ የሌላውን ጥሪ አድፍጦ የሚሰማ ሌባ ነው።

ማድፈጥ ደግሞ ያውቅበታል። ዘሩ ከጤፍ በብዙ እጥፍ ያንሳል፤ ርዝመቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሲሶ እምብዛም አይዘልም። ከዚህ ትንሽነቱ የተነሣ ስንቅ የለውም፤ በቅሎ በጥቂት ቀን ውስጥ የሚጣበቅበት ሥር ካላገኘ ይሞታል። ስለዚህ ዝናብ ስለጣለ ብቻ አይበቅልም። መጀመሪያ በሞቀና በረጠበ አፈር ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት ይሰነብታል፤ ከዚያ ጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ላይ ሥር መኖሩን በዚያ ኬሚካል ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ይነቃል። ካልሰማ ለከርሞ ይተኛል፤ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። አንድ እግር አቀንጭራ ደግሞ ከ50,000 በላይ፣ ሲመቸው እስከ 200,000 ዘር ይበትናል።

አሁን ነገሩን አገናኘው። መሬት ሲደክም በቆሎው አብዝቶ ይጣራል። አብዝቶ ሲጣራ አቀንጭራው በብዛት ይነቃል። በቆሎው ይቀጭጫል፤ አገዳውም ፍሬውም ያንሳል፤ ከብቱ የሚበላው፣ ወደ ማሳ የሚመለሰው ፍግም አብሮ ያንሳል፤ መሬቱ ይበልጥ ይደክማል። አባትህን ጠይቃቸው፦ ከቤቱ ጓሮ፣ አመድና ፍግ በሚደፋበት ቦታ የተዘራው በቆሎ ሥር አቀንጭራ እንደ ሩቁ ማሳ ይበዛል? አይበዛም እንደሚሉህ እገምታለሁ። የሁለቱ ቦታ ዘር አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው አፈሩ ነው።

አንድ ነገር በዓይኔ ካየሁት ልንገርህ። በአንድ የሙከራ ማሳ ላይ፣ በቆሎው ከተዘራ አምስት ሳምንት ሲሆነው፣ ላዩ ላይ አንድም አቀንጭራ ብቅ አላለም ነበር። በቆሎው ግን ውኃ የጠማው ይመስል እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉ ይጠቀለላል፤ ሌሊቱን ዝናብ ዘንቦ እንኳ። አንዱን እግር በአካፋ ዙሪያውን ቆፍሬ ከነጓሉ አነሣሁትና ውኃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ነከርኩት። አፈሩ ቀስ እያለ ሲሟሟ ከቀጫጭኖቹ ሥሮች ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ እብጠቶች ወጡ። ከእያንዳንዱ እብጠት ፀሐይ ያላየ ነጭ ቡቃያ ወደ ላይ ይዘረጋል፤ ቅጠሉ ገና እንደ ዓሣ ቅርፊት የተለጠፈ ነው። ከዚያ አንድ እግር ላይ ከሠላሳ በላይ ቆጠርኩ። አብሮኝ የነበረው አርሶ አደር ዝም ብሎ ሲያይ ቆይቶ «ታዲያ እኛ ስናርም የኖርነው ምኑን ነው?» አለ። መልስ አልነበረኝም፤ ልክ ነበርና። አቀንጭራ ከመሬት ወጥቶ በሚታይበት ጊዜ ከጉዳቱ አብዛኛው ተፈጽሟል። የሚጎዳው በሚመጠው ውኃና ምግብ ብቻ አይደለም። የበቆሎውን የዕድገት ሥርዓት ያዛባል፤ ቅጠሉ ከፀሐይ ምግብ የመሥራት አቅሙን ያዳክመዋል። በቆሎው የሚያጣው አቀንጭራው ከሚወስደው በብዙ ይበልጣል ማለት ነው።

እዚህ ላይ «ለማሽላ ተሠርቶ የለም ወይ?» ትል ይሆናል። ተሠርቷል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ሥራቸው ነው። ጎቢዬ፣ አብሽርና ብርሃን የሚባሉት ማሽላዎች በዚህ መንገድ ወደ ገበሬያችን ማሳ የደረሱ ናቸው። ማሽላ ግን የዚህ አህጉር ልጅ ነው። የአቀንጭራም የትውልድ ቦታ በስሜን ተራሮችና በሱዳኑ የኑባ ኮረብቶች አካባቢ እንደሆነ ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ። ሁለቱ ሲታገሉ ሺህ ዓመታት ስለኖሩ፣ በገበሬ እጅ ካለው ማሽላ መካከል ራሱን መከላከል የተማረ ተገኘ። በአንዳንዶቹ ማሽላዎች አንድ ዘረመል በመጉደሉ ብቻ ሥሩ የሚያንጠባጥበው የስትራይጎላክቶን ዓይነት ይቀየራል፤ ፈንገሱ ይሰማዋል፣ አቀንጭራው ግን እምብዛም አይነቃበትም። ይህ ዘረመል በስም ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

በቆሎ እንግዳ ነው። ከሜክሲኮ ተነሥቶ አፍሪካ የገባው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው፤ በትውልድ አገሩ አቀንጭራ የሚባል አላየም። ስለዚህ መከላከያውን ከገዛ ዘመዶቹ መካከል ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ያለውም ቢሆን በአንድ ዘረመል የታሰረ አይደለም፤ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ የሚረዳ ብዙ ዘረመል መሰብሰብን ይጠይቃል። ከበጎቹ ምንጮች አንዱ ሜክሲኮ ውስጥ በሃሊስኮ ተራሮች የተገኘ የበቆሎ የዱር ዘመድ ነው። ዓመት ከዓመት የሚኖር፣ ላየው ሰው ሣር የሚመስል ተክል ነው። ከእሱ ጋር ተዳቅለው ከወጡት በቆሎዎች በአንዳንዶቹ ሥር ላይ አቀንጭራ ሊጣበቅ ሞክሮ ሳይሳካለት ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት ደግሞ የበቆሎ ዘሮችም እንደ ማሽላው በሚያንጠባጥቡት የስትራይጎላክቶን ዓይነት እንደሚለያዩ፣ አንዳንዱ ድብልቅ አቀንጭራን ብዙም እንደማይቀሰቅስ አሳይቷል። በእኔ ዕድሜ ከሰማኋቸው የምርምር ዜናዎች እንደዚህ ተስፋ የሰጠኝ ጥቂት ነው።

አሁን አንድ ልዩነት እንድትይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ዘር ስትጠይቅ ይጠቅምሃል። ሰው ሁሉንም «የሚቋቋም» ይላል። እኛ ግን «ቻይ» እና «ተከላካይ» ብለን እንለያለን። ቻይ በቆሎ አቀንጭራው እኩል ይበቅልበታል፤ ተሸክሞት ግን ያፈራል። ተከላካይ በቆሎ ደግሞ ሥሩ ላይ የሚጣበቀው ቁጥር ራሱ ያንሳል። ለዘንድሮ ጎተራ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። መሬቱን ካሰብን ግን ቻዩ ብቻውን ያስፈራኛል፤ በእሱ ጥላ ሥር አቀንጭራው አብቦ፣ አፍርቶ፣ ዘሩን በመቶ ሺህ እየበተነ ይከርማል። ገበሬው ምርት ስላልቀነሰበት ልብ አይለውም። ከአምስት ዓመት በኋላ ያ ማሳ ሌላ እህል ሊዘራበት ሲታሰብ ነው ዕዳው የሚታወቀው። ስለዚህ ዘር ስትጠይቅ «ስንት ኩንታል ይሰጣል?» ብቻ አትበል፤ «ሥሩ ስንት አቀንጭራ ይበቅላል?» ብለህ ጨምር።

ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ለመመለስ ነው የአዳቃይ ድካም። ናይጄሪያ ኢባዳን ያለው ዓለም አቀፉ የሐሩር ግብርና ተቋም ሥራውን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይዞታል፤ አገራችን ያፈራቻቸው ዶ/ር አበበ መንክርም እዚያ ለረጅም ዓመታት በበቆሎ አዳቃይነት ሠርተዋል። አሠራሩን በአጭሩ ልንገርህ። ተፈጥሮ የበተነችውን አቀንጭራ መጠበቅ አይቻልም፤ አንዱ ጥግ ይበዛል፣ ሌላው ጥግ ባዶ ይሆናል፤ በቆሎው በጉብዝናው ይሁን በዕድሉ እንደተረፈ አይለይም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ከማሽላ ማሳ የተሰበሰበ የአቀንጭራ ዘር ከደቃቅ አሸዋ ጋር ይለወሳል፤ በእያንዳንዱ የበቆሎ ጉድጓድ ከ3,000 እስከ 5,000 ሊበቅል የሚችል ዘር እንዲደርስ ተደርጎ በማንኪያ ይጨመራል። ጎን ለጎን ያው በቆሎ አቀንጭራ በሌለበት መደብ ይዘራል። ማዳበሪያውም ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ ለሄክታር 30 ኪሎ ያህል ናይትሮጂን ብቻ፣ ያውም ዘግየት ብሎ፤ በቆሎው ከጠገበ አይጣራም፣ ካልተጣራ ደግሞ አቀንጭራው አይነቃምና። ከዚያ በስምንተኛውና በአሥረኛው ሳምንት በጉልበት እየተንበረከኩ የበቀለውን አንድ በአንድ መቁጠር፣ የቅጠሉን መቃጠልም ከ1 እስከ 9 በሚሄድ ነጥብ መስጠት ነው። ምርቱ ሲሰበሰብ የሁለቱ መደብ ልዩነት ይታያል።

አስተውለህ ከሆነ አቀንጭራን ለመፈተን መሬቱን ማስራብ ግድ ሆኗል። የደከመ መሬትን የሚችል ዘር የሚመረጥበት ማሳም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለብቻው አንድ ማሳ ይለይና ለሁለት ሦስት ዓመት ያለ ማዳበሪያ በቆሎ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይዘራበታል፤ ፍሬው ብቻ ሳይሆን አገዳውም ቅጠሉም ተጠርጎ ይወጣል። ጎረቤት ገበሬዎች መጀመሪያ ሲያዩት ያዝናሉ። መሬት ሆን ብሎ ማድከም ለገበሬ ዓይን ነውር ነው። እንዲህ የተራበ ማሳ ላይ ነው የበቆሎ ጠባይ የሚገለጠው።

ከምናየው ሁሉ ዋናው የአበባ ጊዜ ነው። በቆሎ ወንዴው ጫፉ ላይ፣ ሴቴው ጎኑ ላይ ነው። ወንዴው ዱቄቱን መርጨት ከጀመረ በኋላ እሸቱ ጸጉሩን እስኪያወጣ በደህና መሬት ላይ ሁለት ሦስት ቀን ቢሆን ነው። ሲራብ ግን በቆሎ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስርበው እሸቱን ነው፤ ጸጉሩ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይዘገያል። ጸጉር ሲወጣ ዱቄቱ አልቆ ይጠብቀዋል፤ ቆረቆንዳው ፍሬ የሌለው፣ ጥርሱ የወላለቀ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በየማለዳው በመስመሩ መካከል እየሄድን ይህን የቀን ልዩነት እንመዘግባለን። ተርቦም ቀኑን የማያራዝም በቆሎ ስናገኝ ምልክት እናስርበታለን። ከዚያ ቀጥሎ ቅጠሉ ቶሎ የማይደርቀውን፣ በአንድ አገዳ ቢያንስ አንድ ሙሉ እሸት የሚይዘውን እንለያለን። በ120 ኪሎ ናይትሮጂን አንደኛ የወጣ ዘር በ30 ኪሎ ላይ ከኋላ ሲሰለፍ ደጋግሜ አይቻለሁ። ለም በሆነ የምርምር ጣቢያ ብቻ የተመረጠ ዘር የአባትህን ማሳ አያውቀውም የምልህ ለዚህ ነው።

ስለ አሲዳማ አፈር አልጠየቅኸኝም እንጂ በእናንተ አካባቢ መፈተሽ ያለበት ነው። አሲዱ ሲበረታ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ያደነዝዘዋል፤ ማዳበሪያ ብትጨምርም ሥሩ ደርሶ አይወስደውም። ከሥሩ ጫፍ ሲትሪክ አሲድ እያመነጨ አሉሚኒየሙን የሚያስር በቆሎ አለ፤ ለአገራችን የቅርቡ መፍትሔ ግን ኖራ ነው። የአፈር ናሙና በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል አስመርምሩ።

«ከሌለ ለምን አልተሠራም?» ላልከው፣ ሳልሸፍን ልንገርህ። ቢኤች-660 የተባለው ዲቃላ በቆሎ በ1985 ዓ.ም. ገደማ ከባኮ ምርምር ማዕከል ሲወጣ፣ ከዚያም ቢኤች-661 ሲተካው፣ ዓላማው ዝናብ በበቂ በሚያገኘውና ማዳበሪያ በሚገዛው ወይና ደጋ ብዙ ማምረት ነበር። ተሳክቷልም፤ የብዙ ሰው ቤት ሞልቷል። የአቀንጭራ ማሳ ግን ሌላ ዓለም ነው። ንጹሕ ጣቢያ ውስጥ አቀንጭራ ይዞ መግባት ጣቢያውን ለዓመታት መበከል ስለሆነ ማንም አይደፍርም፤ ለብቻው የተበከለ ማሳ፣ ቆጣሪ ሰው፣ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። የወላጅ ዘሩን ለማጥራት ብቻ ስድስት ሰባት ትውልድ በራሱ ዱቄት ማዳቀል ያስፈልግ ነበር። አሁን ይህን ወደ ሁለት ወቅት የሚያሳጥር ዘዴ አለ፤ ለዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 ኬንያ ውስጥ ኪቦኮ ላይ ማዕከል ተከፍቷል። ሌላው ምክንያት የሚያሳዝነኝ ነው። ይህን ዘር አጥብቆ የሚፈልገው ገበሬ ዘር ለመግዛት አቅሙ የመጨረሻው ነው። ዘር አባዥ ድርጅት ደግሞ የሚያባዛው የሚሸጥለትን ነው። ይህን ክፍተት መሙላት የመንግሥት ምርምር ድርሻ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በስብሰባ ላይም ስናገር ኖሬአለሁ።

የናይጄሪያውን ማምጣት ይቻላል፤ በምርምር ተቋም በኩል። ፓዌ ቆላ ስለሆነ ለእነዚያ ዘሮች ከባኮ ወይም ከአምቦ ይልቅ ይቀርባል። ሆኖም እዚያ የተከላከለ እዚህም ይከላከላል ብሎ መደምደም አይቻልም፤ የምዕራብ አፍሪካው አቀንጭራና የእኛው አንድ ስም ይኑራቸው እንጂ ጠባያቸው ይለያያል፤ እዚሁ ተዘርቶ መፈተን አለበት። አንድ ነገር አደራ፦ ዘመድ በሻንጣ ዘር እንዳያመጣላችሁ። የበቆሎ ገዳይ ቫይረስ የሚባለው በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ኬንያ ታይቶ በ2014 እኛ ዘንድ ደርሷል፤ በዘርም ሊተላለፍ ይችላል። የአቀንጭራ ዘርም ቢሆን በእህል መካከል አቧራ መስሎ ይጓዛል።

ከኬንያ የተነሣ ሌላ ዘዴም አለ። ኢማዛፒር የተባለውን ፀረ አረም መቻል የሚችል በቆሎ ተዳቅሎ ዘሩ በዚያው መድኃኒት ይለበሳል። መድኃኒቱ ቀስ እያለ ሥሩ ዙሪያ ሲሟሟ ሊጣበቅ የመጣውን አቀንጭራ ይገድለዋል። በሠርቶ ማሳያ ላይ ሲሠራ አይቼዋለሁ፤ ደስ ይላል። ነገር ግን በየዓመቱ የተለበሰ ዘር መግዛት ይጠይቃል፤ የተለበሰውን ዘር የያዘ እጅ ሳይታጠብ ቦሎቄ ቢዘራ ቦሎቄው አይበቅልም። ለአባትህ መጀመሪያ የምመክረው እሱን አይደለም።

የምመክረው ይህን ነው። አባትህ ያላቸውን መሬት በሐሳብ ለሦስት ይክፈሉት። አቀንጭራ የባሰበትን ሲሶ ዘንድሮ አኩሪ አተር ይዝሩበት። በእናንተ አካባቢ ገበያውም ልምዱም አለ። የአኩሪ አተር ሥር የአቀንጭራን ዘር ይቀሰቅሰዋል፣ ሊጣበቅበት ግን አያስችለውም፤ ተቀስቅሶ በረሃብ ይሞታል። ናይትሮጂንም ለከርሞው ያተርፋል። ጥጥ፣ ሰሊጥና ለውዝም ይህን ያደርጋሉ። አንድ ዓመት ብቻ ግን አይበቃም። አሜሪካኖች ካሮላይና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1956 ያገኙትን የአቀንጭራ ዘመድ ለማጥፋት አፈሩ ውስጥ ጋዝ እስከ መርጨት ደርሰው እንኳ አሥርት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። እኛ ጋዙ የለንም፤ ትዕግሥትና አኩሪ አተር ግን አለን።

በቆሎ በሚዘራበት ሲሶ ላይ ያለችውን ትንሽ ማዳበሪያ በብተና አታባክኗት። ስትዘሩ በእያንዳንዱ ጉድጓድ በለስላሳ ቆርኪ እየለካችሁ ጨምሩ፤ ከዘሩ ጋር እንዳትነካካ አፈር መሃል ይግባ። ዩሪያዋን በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ ከሽልሻሎው ጋር፣ አፈር አልብሷት። ሥሩ ቀድሞ ከጠገበ ጥሪው ይቀንሳል። ፍጉን ደግሞ ከጓሮ አውጥታችሁ ወደ ታመመው ማሳ ውሰዱት፤ መጀመሪያ ግን በደንብ ይብላላ፤ አቀንጭራ በበላ ከብት ፍግ ውስጥ ዘሩ ሊተርፍ ይችላል። ደካማ መሬት የሚችል ዘር ብታገኙም ይህ አይቀርም። አንድ ኩንታል በቆሎ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ናይትሮጂን ይዞ ከማሳው ይወጣል፤ ሦስት ኪሎ ገደማ ዩሪያ ውስጥ ያለውን ያህል ማለት ነው። ቻይ የሆነው ዘር ያለውን አሟጦ መጠቀም ያውቃል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም።

በሦስተኛው ሲሶ ዴስሞዲየም የሚባለውን የመኖ ተክል ሞክሩ። ኬንያ ውስጥ ኢሲፔ በተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አገዳ ቆርቁር የሚባለውን ትል ለመከላከል ተብሎ በበቆሎ መስመር መካከል ሲዘራ፣ አቀንጭራውም አብሮ ሲጠፋ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ተገረሙ። ከሥሩ የሚወጣው ነገር ዘሩን እየቀሰቀሰ ዕድገቱን ያቀጭጨዋል። አንዴ ከተተከለ ዓመታት ይቆያል፤ ለላሞች ጥሩ መኖ ነው። መሰናክሉ ልቅ ግጦሽ ነው፤ ጥርና የካቲት ላይ የሰው ከብት ከበላው ድካማችሁ ከንቱ ይሆናል። አጥር ማጠር ከቻላችሁ ብቻ ግቡበት።

ነሐሴ ላይ የሚበቅለውን አቀንጭራ ሐምራዊ አበባው ሳይፈካ ንቀሉት። ለዘንድሮ በቆሎ ብዙ ባይረዳም የሚቀጥሉትን አሥር ዓመታት ታድናላችሁ። አብቦ ከደረሳችሁበት ማሳ ዳር አትጣሉት፤ ተነቅሎም ዘሩን ያበስላል፤ ሰብስባችሁ አቃጥሉት። ለዘር የምታስቀምጡትን ማሽላና ዳጉሳም አቀንጭራ ባለበት ማሳ መሬት ላይ አትውቁ። ዲቃላ በቆሎ ከሆነ የምትዘሩት ከምርቱ ዘር አታስቀሩ። በነፋስ በራሱ የሚዳቀለውን ግን ሁለት ሦስት ዓመት ማስቀረት ይቻላል፤ ሲመረጥ ከማሳው መሃል፣ አቀንጭራ በከበበው ቦታ ቆሞ ሙሉ እሸት ከያዘው አገዳ ይመረጥ። የአባትህ ዓይን እዚህ ላይ ከእኔ መዝገብ አያንስም።

ወደ ፓዌ ግብርና ምርምር ማዕከል አባትህን ይዘህ ሂድ። በሙከራ ላይ ያለ ዘር ካለ፣ አቀንጭራ ያለበት የገበሬ ማሳ ይፈልጉ ይሆናል፤ የእናንተ ማሳ ለዚህ የሚገኝ ጥሩ ቦታ ነው፤ አቅርቡላቸው።

እስከዚያው አንድ ሥራ ልስጥህ። ሰኔ አጋማሽ ላይ ከዘራችሁ፣ በሐምሌ ሦስተኛው ሳምንት ከሦስት የተለያየ ቦታ ሦስት እግር በቆሎ ከነጓሉ ቆፍራችሁ አውጡ። ባልዲ ውስጥ ቀስ ብላችሁ እጠቡ፤ አትጎትቱት፣ እብጠቱ ተበጥሶ ይቀራል። በእያንዳንዱ ሥር ላይ ያለውን ነጭ እብጠት ቁጠሩና ጻፉት። ከዚያ ቢጫውን የታችኛውን ቅጠል ዘርግታችሁ ተመልከቱ። ቢጫው ከጫፉ ተነሥቶ በመሃል ጅማቱ እንደ ጦር ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ ናይትሮጂን ነው፤ ጠርዝ ጠርዙን ከሄደ ፖታሲየም ነው፤ ቅጠሉ ወደ ሐምራዊ ካደላ ፎስፈረስ ነው። የሥሩንም የቅጠሉንም ፎቶ፣ ከቁጥሩ ጋር፣ ላክልኝ። የትኛው ሲሶ በየትኛው እንደሚዘራ ያኔ ከአባትህ ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።